በካልሲ ማስተማር

መምህርነትን ከአባቴ የወረስኩት ከነጫማው ነው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደመወዙ ከወር ወር አድርሶት አያውቅም፤ የጫማ ቀለሙ ግን አንድም ቀን አላለቀበትም። «ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያየው እግርህን ነው» ይላል። ለምን ሲባል፣ «አንገቱን ደፍቶ የሚያንቀላፋው ሌላ ምን ይታየዋል?» ለትምህርት ወደ ፊንላንድ ስሄድ ሻንጣዬን የሸከፈው እሱ ነው። እናቴ ለበሶና ለሽሮ ያሰበችውን ቦታ ነጥቆ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ፣ አንድ ቆርቆሮ ኪዊና ብሩሽ ወተፈበት።

የሄድኩባት ከተማ ዩቫስኪላ ትባላለች። ለመምህር ተራ ከተማ አይደለችም። በፊንላንድ ቋንቋ መምህራንን የሚያሠለጥነው የመጀመሪያው ተቋም በፈረንጆቹ 1863 የተከፈተው እዚያ ነው። መሥራቹ ኡኖ ሲግኔዩስ ቄስ ነበር፤ አላስካ ድረስ ሄዶ ያገለገለ ቄስ። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ የሕክምና ተማሪ በማስተማሪያ ሆስፒታል እንደሚለማመደው ሁሉ እጩ መምህርም እዚያ ገብቶ በሰው ልጅ ላይ ይለማመዳል። እኔም ለፕራክቲከም አምስተኛ ክፍል ገብቼ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። ጫማዬን እንዲያ አድርጌ ወለወልኩት፤ ጎንበስ ብል ፊቴን ያሳየኛል።

መግቢያው ላይ የሕፃናት ቦት በመደዳ ተደርድሯል። ከበላዩ ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት ተሰቅሏል። ልጆቹ የሚማሩት በካልሲ ነው። መምህራኑም ከፊሎቹ ነጠላ ጫማ፣ ከፊሎቹ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርገው ነው የሚንጎራደዱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በረዶው፣ ጭቃውና እግረኛ እንዳይንሸራተት መንገድ ላይ የሚበተነው ጠጠር ወለል ይጨርሳል። ለእኔ ግን ምክንያቱ አላጽናናኝም። የአባቴ አደራ ከትንንሽ ቦቶች መካከል በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኔ አውራ ጣቱ ጋ ሊቀደድ ዳር ዳር የሚል ካልሲዬን ይዤ ትውልድ ልቀርጽ ገባሁ።

ከጫማው በኋላ ሌላውም በየተራው ወለቀ። አገር ቤት ነጭ ጋውን ነበረኝ፤ ኪሱ ውስጥ የተሰባበረ ጠመኔ፣ እጅጌው ላይ የሰሌዳ አቧራ። እዚህ ጠመኔም አቧራም የለም። ጋውን ለብሼ ብገባ ልጆቹ ክትባት ሊሰጥ የመጣ ሰው ነው ብለው ክንዳቸውን ይዘው ይሸሹኛል። ቀጥሎ ማዕረጌ ሄደ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከወንበሩ ሳይነሣ በባዶ ስሜ ይጠራኛል፤ «ቲቸር» የለ፣ «ጋሼ» የለ። ይህን በኢሞ ለአባቴ ስነግረው ኔትወርክ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ባዶ ስምህን?»

«አዎ።»

«ዳይሬክተሩንስ?»

«እሱንም።»

ትንፋሹን በረጅሙ ሳበና «እንግዲህ ፈረንጅ ነው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። በማግስቱ ግን መልሶ ከፈተው።

«ስንት ነው የምታስተምረው?»

«ሃያ።»

«ሃያ ክፍል?»

«ሃያ ልጅ።»

«ሌሎቹስ የት ሄዱ?»

ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል አስቀምጦ፣ የደብተር እርማቱን በጆንያ ተሸክሞ ለኖረ ሰው ሃያ ልጅ ማለት ዝናብ የጣለ ቀን የተገኘ ተማሪ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ «ከሃያዎቹ አንደኛ የሚወጣው ማነው?» አለኝ። እዚህ አገር ደረጃ እንደማይወጣ፣ ውጤቱም ከ4 እስከ 10 እንደሆነ፣ የወደቀ ልጅ እንኳ አራት ይዞ እንደሚወድቅ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበበት። «ታዲያ መጨረሻ የወጣው ልጅ፣ መጨረሻ መውጣቱን በምን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ምስኪን» አለ አባቴ፣ ከልቡ አዝኖ።

የልጆቹም ጉጉት ከአባቴ አያንስም። አገር ቤት ስንት ተማሪ እንደነበረኝ ሲጠይቁኝ ሰባ አልኳቸው። ይደነግጣሉ፣ ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አንዲት ልጅ ጣቷን አወጣች። «ሰባ ሰው ካፖርቱን የት ይሰቅላል?»

ስለ ማስተማሩ እንጂ ስለ ዝምታው ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበር። ስለ ፊንላንዶች ዝምታ ብዙ ተወርቷል፤ በአውቶቡስና በአሳንሰር ውስጥ ያለውን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። የእኔ ጉዳይ የክፍሉ ነው። የእኛ ክፍል እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁት ነው። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። «ያልገባው አለ?» «የለም!» ግድግዳው ይነቃነቃል፤ መምህሩ ደስ ብሎት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሻገራል። ያልገባው መኖሩ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ የተማሪው ነው። ጥያቄ ከጠየቅህማ ግማሽ ክፍል ከዴስኩ ተነሥቶ ጣቱን እያጯጯኸ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» ይላል። ዕድሉ የተሰጠው ልጅ መልሱን አለማወቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መሳተፉ ግን ተሳትፏል።

ዩቫስኪላ ላይ «ገባችሁ?» ስል አርባ ዓይን ያየኛል። ጸጥ። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ልጅ አመልካች ጣቱን ቀስ አድርጎ ያነሣና ለስለስ ባለ ድምፅ «አልገባኝም» ይላል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! በሕዝብ ፊት፣ ሳያፍር፣ አልገባኝም! በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም። ልጁ ግን ስድብ አላሰበም፤ መረጃ እየሰጠኝ ነው።

ከኋላ ደግሞ ሱፐርቫይዘሬ ማስታወሻ ይዘው ተቀምጠዋል። ጡረታቸው የቀረበ፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ ግራጫ የሱፍ ካልሲ የሚወዱ መምህር ናቸው። አገር ቤት ሱፐርቫይዘር ፎርም ይዞ ይመጣል፤ ዓላማ ጽፏል፣ አልጻፈም፤ ሰሌዳ አጠፋ፣ አላጠፋ፤ ድምፁ ይሰማል፣ አይሰማም። እሳቸው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ቡና ይቀዱልኝና «አንተ ምን ይመስልሃል? እንዴት ነበር?» ይላሉ። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በጠቅላላው ይቅርታ እየጠየቅኩ እጀምር ነበር። የእሳቸው አስተያየት ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጥያቄ ትጠይቅና ራስህ ትመልሳለህ። ጠብቅ።»

ነገሩ የእሳቸው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሡ ብትለካ፣ አብዛኞቹ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድ ያህል ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በጽሑፍ ቀላል ነው። ቆማችሁ ሞክሩት፤ አርባ ዓይን እያያችሁ፣ በካልሲ። እኔ በመጨረሻ መላ አገኘሁ። ጠይቄ በሆዴ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እላለሁ፤ አንድ ረድፍ ሲያልቅ ሦስት ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ሲሆን «ለ»ን እጨምራለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቀውኝ አያውቁም። መጠየቅ የማይወዱ ሕዝብ ናቸው።

ከክፍል ሌላ የሚያስተምር ቦታ ምግብ ቤቱ ነው። ፊንላንድ ከ1948 ጀምሮ ለተማሪ ሁሉ ነጻ ምሳ ታበላለች፤ መምህሩም ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ እንዴት እንደሚበላ በምሳሌነት ያሳያል። «የሀብታሙም ልጅ በነጻ?» አለ አባቴ፤ «የሀብታሙም» አልኩት። እናቴን የገረማት ሰዓቱ ነው። «ረፋድ በአምስት ሰዓት ምሳ? ቁርሱን መቼ በልተውት?» ሐሙስ ሐሙስ ብዙ ቦታ የአተር ሾርባ ነው፤ ብዙዎች ይማረሩበታል፣ እኔ ግን ሽሮ የራቀው ሰው ነኝና ሁለቴ ነበር የምቀዳው። ችግሩ ረቡዕና ዓርብ ላይ መጣ። ወተት የማይጠጣ፣ ቂቤ የማይነካ ሰው ለኩሽናው የልዩ ምግብ ፎርም መሙላት አለበት። ፎርሙ ላይ አለርጂ የሚል ቦታ አለ። የኩሽናዋ ኃላፊ በቅንነት አስተናገደችኝ፤ ስለዚህ በመዝገብ የታወቅኩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚነሣ የወተት አለርጂ ያለብኝ ሰው ሆንኩ። ሁዳዴ ሲገባ በሽታዬ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ልጆቹ አልተዉኝም። «ረቡዕ ወተት ብትጠጣ ምን ትሆናለህ? ታብጣለህ?»

«አላብጥም።»

«ታሳክካለህ?»

«አላሳክክም።»

«ታዲያ?»

ስለ ጾም የማውቀውን ሁሉ በአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ገለጽኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ሲያልቅ አንዱ «ማክሰኞ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀድልሃል?» አለ። ቄስ ሳይቀር ለመመለስ የሚያመነታበት ጥያቄ ነው።

እዚያ አገር ከአንድ ሰዓት ውስጥ ትምህርቱ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ሲሆን ዕረፍት ማለት ውጭ ነው። ጨለማም ቢሆን ውጭ፣ በረዶም ቢሆን ውጭ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ አምስት ሰዓት ያህል ብቅ ብላ ተመልሳ ትተኛለች። ተረኛ መምህር የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ደርቦ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ግቢ ስል አጥር እንዳይመስላችሁ፤ አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ አርፍዶ የመጣ የሚንበረከክበት በር የለም። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በጨለማ የሚያበራ ምልክት ካፖርቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል። እኔ በተራዬ ቀን ሦስት ሱሪ ደራርቤ፣ ቅንድቤ በረዶ አብቅሎ፣ አጥር የሌለው ግቢ እጠብቅ ነበር።

በዚያ ላይ ሩጫው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ከሰሙ ወዲህ ዕረፍት በወጣን ቁጥር ይከቡኛል፤ «ሩጥ!» ይሉኛል። እኔ ለታክሲ ስንኳ ሮጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይህን ብናገር ግን የአገር ስም ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዙር፣ በቦት፣ በበረዶ ላይ እሮጥላቸዋለሁ። ስመለስ ትንፋሼ ከአፌ እንደ ሎኮሞቲቭ ይወጣል። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሬ ከበረንዳው አይተውኝ ኖሮ ስታፍ ውስጥ ካለወትሯቸው ወሬ ጀመሩ። «ይፍጠር» አሉ።

ምሩጽ ይፍጠርን ማለታቸው ነው። ሙኒክ፣ 1972፣ አሥር ሺህ ሜትር። የእነሱ ላሴ ቪሬን መሐል ላይ ወድቆ ተነሥቶ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ ሲወጣ የእኛው ምሩጽ ሦስተኛ ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ልጅ ሳሉ በቴሌቪዥን አይተውታል። ሞስኮ በ1980 ምሩጽ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ሲወስድ፣ በአሥር ሺው ላይ ቪሬን አምስተኛ መሆኑንም ያስታውሳሉ። «ማርሽ ቀያሪው» እንደምንለው ነገርኳቸው። ቡናቸውን ጨልጠው፣ በዚያ ዓመት ከእሳቸው የሰማሁትን ረጅሙን ንግግር አደረጉ፤ የመጨረሻውን ዙር በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየዞሩ አሳዩኝ። ስታፉ ውስጥ የነበሩ ሌሎች መምህራን ቀና ብለው አዩን። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እሳቸው ዘመድ ነን፤ ዘመድነታችን ግን በዝምታ ነው የሚገለጠው። ቡና ሲቀዱ ለእኔም ይቀዳሉ፣ በቃ። ቡናቸው ቀጭን ነው፤ በነፍስ ወከፍ ከዓለም ብዙ ቡና ከሚጠጡት አገሮች ተርታ ያሰለፋቸውም ይኸው ቅጥነቱ ሳይሆን አይቀርም። አቦልና በረካውን መለየት አይቻልም።

መቼም የሚያስቀው ሁሉ አስቆ ሳያበቃ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። እነዚህ ሰዎች መምህርን በባዶ ስሙ ይጠራሉ፤ ግን ከ1979 ወዲህ ማስተርስ የሌለውን ሰው ለቋሚ የክፍል መምህርነት አያስገቡም። የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር የሚባለውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ አስቀሩት፤ መምህሩ ምን እንደሚያስተምር ያውቃል ብለው በሩን ዘጉለት። እኛ ተማሪውን ሁሉ አስነሥተን «እንደምን አደሩ» እናሰኛለን፤ ቤት ልንከራይ ስንሄድ ግን አከራይዋ ሥራችንን ስትሰማ «ሌላ ተከራይ ቀደመዎት» ትለናለች። የእኛ ክብር ልብስ አለው፣ ኪስ የለውም። አባቴ ይህን ስነግረው አልተናደደም። «ኪሱንስ መቼም ለምደነዋል» አለ። «ለመሆኑ ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋለህ? ወላጅ አምጣ ትላለህ?»

አይባልም። ቪልማ የሚሉት ነገር አለ፤ መምህሩ ለወላጅ መልእክት የሚጽፍበት ፕሮግራም ነው። ልጁ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ረሳ፣ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ዛሬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁሉም በዚያው ይሄዳል፤ እናት ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ታነበዋለች። በእኛ ጊዜ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ከሰፈር አንድ ጎልማሳ ለምኖ፣ አንዳንዴም ከፍሎ፣ አጎቴ ነው ብሎ ያመጣ ነበር። ሰውየውም ሥራውን ያውቃል፤ መጥቶ አንድ ኩርኩም ያቀምሰዋል፣ መምህሩን አመስግኖ ይሄዳል። ቪልማ ለዚያ ሁሉ ትወና ቦታ የላትም። ለብልህ ልጅ ጨካኝ አገር ነው።

የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜውንም ሳልጠቅስ ማለፍ የለብኝም። ያ አላስካ የደረሰው ቄስ ለእጅ ሥራ ትልቅ እምነት ነበረው፤ በ1866 ድንጋጌም ግዴታ የትምህርት ዓይነት ሆነ። እስከ ዛሬ ወንዱም ሴቷም እንጨት ይጋዛሉ፣ ጥልፍ ይጠልፋሉ። የእኔ የአምስተኛ ክፍሉ ጎረምሳ፣ ያ «አልገባኝም» ባዩ፣ ሹራብ መሥሪያ ሁለቱን ዘንግ ይዞ ተመስጦ ሲቆጥር አይቼ ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ ልላክላት ብል፣ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ክልክል ነው ተባልኩ። እናቴ በቃል ብቻ ተነግሯት እስካሁን አላመነችም።

ፕራክቲከሙ ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሬ እኛን እጩ መምህራኑን ሐይቅ ዳር ካለች የእንጨት ቤታቸው ጠሩን። አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና ባለበት አገር እንዲህ ያለ ግብዣ ምን ማለት እንደሆነ መጠርጠር ነበረብኝ። ፓርላማቸው ውስጥ ሳይቀር ሳውና አለ፤ በ2020 ዩኔስኮ የመዘገበላቸውም ይህንኑ ባህላቸውን ነው። አዲስ አበባ ሳውና ገብቼ አውቃለሁ፤ በፓንት፣ ከማላውቀው ሰው ጋር። ይኼ ግን በየተራ ነው፤ ሴቶቹ መጀመሪያ፣ እኛ ወንዶቹ ቀጥሎ፣ እንደ ተወለድን። ጫማዬን ሰጥቻለሁ፣ ጋውኔን ሰጥቻለሁ፣ ማዕረጌን ሰጥቻለሁ፤ የቀረኝን ደግሞ እዚያች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

እሳቸው ከላይኛው እርከን ተቀምጠዋል። ትንሽ ፎጣ አንጥፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቡና እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወዴት እንደማይ ግራ ገብቶኝ የቴርሞሜትሩን ቁጥር አነበብኩት፤ ሰማንያ አምስት ይላል። ሌሎቹ ሁለት እጩዎች ብዙም አልቆዩም፤ ወጥተው በረዶ ላይ እየጮሁ ሲንከባለሉ ይሰማል። እሳቸው በጭልፋ ውኃ ቀድተው የጋለው ድንጋይ ላይ ደፉበት። እንፋሎቱ ጣሪያውን ነክቶ ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ወረደ።

«እሺ» አሉ። «ፕራክቲከሙ እንዴት ነበር? አንተ ምን ይመስልሃል?»

የምመልሰው ነበረኝ። አውቶቡስ ውስጥ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ ምስጋና ሁሉ አለው። አፌን ስከፍት ግን የገባው አየር ምላሴን ጠበሰኝ። መልሼ ገጠምኩት። በአፍንጫዬ ልሞክር ብል እሱም ነደደ። ምን ላድርግ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በሆዴ ሀ ሁ ሂ አልኩ። «ለ»ን ጨረስኩ። «ሐ»ን ጨረስኩ። «መ» ላይ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ «ሠ»ንና «ረ»ን እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም።

እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው» አሉ፤ «መጠበቅ ለመድክ።»

ሁለተኛውን ጭልፋ ደፉበት።